ቻርልስ ስቴንት፤ የጥርስን ልክ ለመያዝ የደከመ ሰው

በዛሬው ዘመን ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚመላለስ ሰው ስቴንት የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። የልቡ የደም ሥር ለጠበበበት በሽተኛ ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ አሳልፈው ትንሽ የብረት መረብ ከጠበበው ሥር ውስጥ ያኖሩለታል፤ መረቡም ሥሩን ከፍቶ ይይዛል። ይህ መረብ ስቴንት ይባላል። ቃሉ የላቲን ወይም የግሪክ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ስቴንት የሰው ስም ነው። ሰውየውም የልብ ሐኪም አልነበረም፤ ልብን ስለ ማከም አንዲት ቀን እንኳ አልሠራም። የጥርስ ሐኪም ነበር። ዕድሜውንም ያስጨነቀው ጥያቄ፥ በሰው አፍ ውስጥ ያለውን የጥርስ ቅርጽ ሳይዛባ ወደ ውጭ እንዴት ማውጣት ይቻላል የሚል ነበር።

የዚህን ሰው ታሪከ ሕይወት ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ስሙ በዓለም ሁሉ እየተጠራ እርሱ ራሱ ስለ ተረሳ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፥ እርሱ የታገለው ችግር እስከ ዛሬ ድረስ ፈጽሞ ያልተወገደ በመሆኑ ነው። ከጎንደር ከተማ ወዲያ፥ በዳባትና በደባርቅ፥ ከዚያም አልፎ በጃናሞራ የሚኖር ሰው ጥርሱ ተሰብሮ በላዩ ክራውን ሊያስደርግ ቢነሣ፥ የሚገጥመው ጣጣ ሚስተር ስቴንት በሎንዶን ከገጠመው ጣጣ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ቻርልስ ቶማስ ስቴንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። (ከዚህ በታች የተለየ ምልክት ካልሰጠን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ያ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ስቴንት የጎልማሳነት ሥራውን በሎንዶን ሲሠራ፥ በሰሜን ደግሞ ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ነበር። ለራሳቸው ንግሥ ያሰናዱት ያ ቤተ ክርስቲያን ለድል አድራጊያቸው ሆነ፤ በየካቲት 1847 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1855፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑ። የስቴንት ስም የወጣበት ሥራ ብዙ ጊዜ 1856 የሚል ዓመት ይሰጠዋል። እንግዲህ የደረስጌው ንግሥና የሎንዶኑ የጥርስ ልክ ሥራ አንዱ ከሌላው ሳይተዋወቅ በአንድ ሰሞን የተፈጸሙ ናቸው።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የጥርስ ሐኪምነት እንደ ዛሬው በሕግ የተወሰነ ሙያ አልነበረም። ጥርስ መንቀል እሠራለሁ ያለ ሁሉ ሱቅ መክፈት ይችል ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የሎንዶን ማኅበር የተቋቋመው በ1856 ሲሆን፥ የጥርስ ሐኪሞችን በመዝገብ የሚያስገባው ሕግ የወጣው ከዚያ ከ22 ዓመት በኋላ በ1878 ነው። ስለዚህ ስቴንት አብዛኛውን ዕድሜውን የሠራው፥ ጎበዙና አታላዩ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ገበያ ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ሰውን ከሰው የሚለየው የእጁ ሥራ ብቻ ነበር።

ሥራውስ ምን ይመስል ነበር? ጥርሱ ያለቀ ሀብታም ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲያሠራ፥ ባለሙያው ከጉማሬ ጥርስ እየጠረበ ያወጣለት ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ ከጉማሬ ጥርስ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበራቸው። ጠራቢው የአፉን ስፋት በኮምፓስ ይለካል፤ ከዚያም ጠርቦ በአፍ ውስጥ ይሞክራል። የሚነካካውን ስፍራ ለማወቅ ቀለም ይቀባና እንደ ገና ይፍቃል። እንዲህ እያለ ብዙ ቀን ይመላለሳል። በመጨረሻም የሚገኘው ሥራ በደንብ የማይያዝና ሲበሉበት የሚንቀሳቀስ ነበር። የልኩ ጉድለት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠሪው የሚሠራበት ነገር ከእጁ ላይ አልነበረም። ጫማ ሠሪ እግሩን ሳያገኝ ጫማ እንደሚሰፋ ያለ ነው።

ክራውን ማለት የተበላውን ወይም የተሰበረውን ጥርስ ዙሪያውን ሞርዶ በላዩ እንደ ቆብ የሚደፋ ሽፋን ነው። ስሙም ዘውድ ማለት ነው። ባለሙያው ጥርሱን ሞርዶ ካሳነሰ በኋላ፥ ክራውኑን በሰውየው አፍ ውስጥ እያቀለጠ ሊያፈስ አይችልም። ስለዚህ የጥርሱን ትክክለኛ አምሳል ከአፍ አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ማኖር አለበት። ይህንንም ለማድረግ ለስላሳ ነገር በጥርሱ ላይ ይጫናል፤ ሲጠነክር ይወጣል፤ በውስጡ የቀረው ጉድጓድ የጥርሱ ቅርጽ ነው። በዚያ ጉድጓድ ጀሶ ሲፈስበት ጀሶው የጥርሱ አምሳል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚህ አምሳል ላይ ይሠራል። አምሳሉ ከተሳሳተ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጥበብ ሁሉ ስሕተቱን በጥንቃቄ ከመድገም በቀር የሚጨምረው የለም።

የቅኔ ትምህርት የቀመሱ አንባቢዎቻችን ነገሩን ለመረዳት አይቸገሩም። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙ ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። በጥርስ ሥራ ቤትም ክራውን የሚፈስሰው በዚሁ መንገድ ነው። ሰሙ ያልያዘውን ወርቁ ሊይዘው አይችልም።

በሰም የጥርስ ልክ የመውሰድን ነገር በጽሑፍ ያስቀመጠው የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም ፊሊፕ ፋፍ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1756 ነው። ለስላሳ ሰም በአፍ ውስጥ እየጫነ፥ ቅርጹን በሁለት እኩሌታ እያወጣ፥ ከዚያ በኋላ ጀሶ ያፈስበት ነበር። ነገሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ሰም በአፍ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ሲወጣም ይጣመማል። ጥርስ ከሥሩ ጠበብ ከላዩ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ፥ ሰሙ ከጠባቡ ስፍራ ተጎትቶ ሲወጣ ቅርጹን ይለቃል። ጣት በነካው ቁጥርም እንደ ገና ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ በ1840ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች ጀሶውን ራሱን በአፍ ውስጥ መጫን ጀመሩ። ጀሶ ከጠነከረ በኋላ አይጣመምም፤ የያዘውንም ቅርጽ በትክክል ይይዛል። ችግሩ ግን እንደ ድንጋይ መሆኑ ነው። ከጥርሶች መካከል አልወጣም ሲል ሐኪሙ እየሰባበረ ያወጣውና ስብርባሪውን ከውጭ ይገጣጥመው ነበር። በሽተኛው አፉን ከፍቶ ሐኪሙ ጀሶ ሲሰብርበት ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለመገመት አያስቸግርም።

በዚሁ ጊዜ አዲስ ነገር ከሩቅ ምሥራቅ መጣ። በማላይ አገር ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ጉታፐርቻ የሚባል ሙጫ በ1843 ወደ ሎንዶን ተላከ። በሙቅ ውኃ ሲነከር እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር ለተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ሽፋን የሆነው ይኸው ሙጫ ነው። የጥርስ ሐኪሞችም ወዲያው ለልክ መውሰጃ ሞከሩት። ነገር ግን ሲቀዘቅዝ ይሸበሸባል፤ ከጥርስ ላይ ሲወጣም ይለጠጣል። የቴሌግራፍን ሽቦ ለመሸፈን ይህ ጉድለት ብዙ አይጎዳም፤ ለጥርስ ልክ ግን ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ስቴንት ወደዚህ ጉዳይ የገባው እዚህ ላይ ነው። ጉታፐርቻውን አልጣለውም፤ ጉድለቱን እያየ አረመው። ሻማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን፥ ከእንስሳ ሞራ የሚገኘውን ስቴአሪን ጨመረበት፤ በዚህም ሙጫው ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ፥ ከተጫነ በኋላም ቅርጹን የሚጠብቅ ሆነ። አካል እንዲኖረው የታልክ ዱቄት ደባለቀበት፤ በአፍ ውስጥ በደንብ እንዲታይም ቀይ ቀለም ሰጠው። ልብ ብለን እንመልከት፤ ከነዚህ ነገሮች አንዱንም እርሱ አልፈጠረም። ሁሉም በሎንዶን ገበያ የሚገኙ ነበሩ። የእርሱ ሥራ የትኛው ነገር የትኛውን ጉድለት እንደሚያርም መለየት ነበር።

ጊዜውም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ከጎማ የሚሠራ ጠንካራ ድድ በ1850ዎቹ ዓመታት ስለ ተገኘ፥ የጉማሬ ጥርስ መጥረብ ሊቀር ተቃረበ። ጎማው በጀሶ አምሳል ላይ ተደርጎ የሚበስል ስለ ሆነ፥ አምሳሉ ልክ ከሆነ ሰው ሠራሹ ጥርስም ልክ ይሆናል፤ ዋጋውም ብዙ ሰው ሊከፍለው የሚችል ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የጥርስ ሥራ መልካምነት የተንጠለጠለው በልኩ መልካምነት ላይ ሆነ። የስቴንት ቅልቅልም ወዲያው ፈላጊ አገኘ። ሁለቱ ልጆቹ ቻርልስ ሮበርትና አርተር ሃዋርድ የአባታቸውን ሙያ ተከትለው የጥርስ ሐኪሞች ሆኑ፤ ከአባታቸውም ጋር ቅልቅሉን እየሠራ የሚሸጥ የንግድ ቤት አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ሚስተር ስቴንትን ከሚገባው በላይ ልናወድሰው አንፈልግም። ቅልቅሉ ጥርስ ለሌለው ድድ እጅግ ጥሩ ነበር፤ ጥርስ ላለበት አፍ ግን ጉድለቱ ጉልህ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ አይለጠጥም። ስለዚህ ከጥርሱ ጠባብ ወገብ ሲወጣ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። ደግሞም ከአፍ ሙቀት ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲወርድ እስከ 0.3 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እናስላው። ስፋቱ 10 ሚሊሜትር በሆነ አንድ መንጋጋ ላይ ስሕተቱ 0.03 ሚሊሜትር ነው፤ በ50 ሚሊሜትር የጥርስ ረድፍ ላይ ግን 0.15 ሚሊሜትር ይሆናል።

ይህ ቁጥር ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት፥ በ1971 ማክሊንና ፎን ፍራውንሆፈር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡትን ሥራ እናስታውስ። ከ1,000 በላይ የሆኑ ክራውኖችንና የመሳሰሉትን ሥራዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው፥ በክራውኑ ጠርዝና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.12 ሚሊሜትር ባይበልጥ ሥራው ይበቃል አሉ። የሰው ጠጉር ውፍረት 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ መልካሙ ክራውንና መጥፎው ክራውን የሚለያዩት በሁለት ጠጉር ውፍረት እንኳ በማይሞላ ስፍራ ነው። ክፍተቱ ከዚያ ሲሰፋ ማጣበቂያው በምራቅ እየታጠበ ያልቃል፤ የምግብ እድፍና ተሕዋስያን ይገባሉ፤ ጥርሱም ከክራውኑ ሥር ሰው ሳያየው ይበላል። ባለቤቱ ጥርሴ ዳነ ብሎ ሲኖር፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ክራውኑ ከነበሰበሰው ጥርስ ጋር በእጁ ይወጣል።

በኋለኛው ዘመን ሐኪሞች ለክራውን ሥራ የስቴንትን ዓይነት ቅልቅል በብልኀት ተጠቅመውበታል። በተሞረደው ጥርስ ልክ የተቆረጠ የመዳብ ቀለበት በጥርሱ ላይ ያጠልቁና፥ ቀለበቱን በሙቅ ውኃ በለሰለሰ ቅልቅል ይሞሉታል። እንዲህ ሲሆን ልኩ የሚወሰደው የአንድ ጥርስ ብቻ ስለ ሆነ መኮማተሩ ብዙ አይጎዳም። ዘዴው እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት እኩሌታ በብዙ አገር ሲሠራበት ቆይቷል። ሆኖም ጎረቤት ጥርሶች ከዚያ ጥርስ ጋር ያላቸውን ስፍራ አያሳይም፤ የቀለበቱም ጠርዝ ድዱን ይቆርጥ ነበር።

ቻርልስ ስቴንት በ1885 ዓ.ም. አረፈ። ቅልቅሉን የመሥራት መብት ክላውዲየስ አሽና ልጆቹ የተባለው የሎንዶን የጥርስ ዕቃ አምራች ድርጅት ገዛው። ድርጅቱ ስሙን አልለወጠም፤ በስቴንት ስም እየሠራ ወደ ብዙ አገር ላከው። ስሙ ከሰውየው ተለይቶ መጓዝ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ እርሱ ያላሰበው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በመድፍ ስባሪ የፈረሰ ወታደሮች በብዛት ወደ ሆስፒታል ገቡ። ዮሐንስ ኤሰር የተባለ የሆላንድ ቀዶ ሐኪም፥ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ በቁስል ውስጥ እንዲይዝ የሚያደርግበት ነገር ፈለገ። የስቴንትን ቅልቅል አሙቆ የቁስሉን ቅርጽ አወጣበት፤ ቆዳውንም በቅርጹ ላይ ጠቅልሎ በቁስሉ ውስጥ አኖረው። ይህን ሥራውን በ1917 በጽሑፍ አወጣው። በእንግሊዝ አገርም ሃሮልድ ጊሊስ በዚሁ ዘዴ ሠራ፤ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉም ቅልቅሉን በስሙ ጠቀሰው። ከዚያ ወዲህ በሐኪሞች ዘንድ ስቴንት ማለት የሰውነትን ክፍል ደግፎ የሚይዝ ነገር ማለት እየሆነ ሄደ። በ1954 የሐሞት ቱቦን ከፍቶ የሚይዝ ፕላስቲክ በዚህ ስም ተጠራ። በ1986 ደግሞ በፈረንሳይ አገር ዣክ ፒዩኤል፥ በስዊስ አገር ኡልሪክ ሲግቫርት በሰው የልብ ሥር ውስጥ የብረቱን መረብ አስገቡ፤ ያም ስቴንት ተባለ። ለቃሉ ሌላ ምንጭ የሚፈልጉ የቋንቋ ሰዎች አሉ፤ በብዙዎች ዘንድ የተቀበለው አስተያየት ግን ይህ ነው።

ስሙ ወደ ልብ ሲሄድ፥ ሥራው ግን በጥርስ ቤት ቀረ፤ ችግሩም ከእርሱ በኋላ ብዙ ሰው አደከመ። በ1907 ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፥ የአንጥረኞችን የሰም ዘዴ ተከትሎ ለጥርስ የሚሆን ወርቅ በትክክል የሚያፈስ መሣሪያ በኒውዮርክ አሳየ። ወርቅ ቀልጦ ሲጠነክር 1.5 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ የጥርስ ሠሪዎችም በሰሙ ላይ የሚለብጡት ጀሶ ሲሞቅ በዚያው መጠን እንዲሰፋ በማድረግ ሂሳቡን ያስተካክሉታል። እንግዲህ የወርቁ ስሕተት አስቀድሞ ይታወቃልና መድኃኒት ተገኘለት። በአፍ ውስጥ የሚደርሰው ስሕተት ግን እንደየሰዉና እንደየሰዓቱ ይለያያል።

የሚለጠጥ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። በ1925 የቪየናው ሐኪም አልፎንስ ፖለር አጋር የሚባለውን፥ ከባሕር አረም የሚወጣውን እንደ መረቅ የሚረጋ ነገር ለልክ መውሰጃ አቀረበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጋሩ ከጃፓን መምጣቱ ሲቋረጥ፥ ከሌላ የባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ስፍራውን ያዘ። አልጂኔት ርካሽ ነው፤ በውኃ ይበጠበጣል፤ ከጥርስም በቀላሉ ይወጣል። ነገር ግን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። በአየር ላይ ሲቀመጥ ውኃው እየወጣ ይኮማተራል፤ በውኃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ ከአፍ እንደ ወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጀሶ ሊፈስበት ይገባል። ረቂቁንም የጠርዝ መስመር በሚገባ ስለማይይዝ ለክራውኑ ጥርስ ራሱ አይበቃም፤ ለተቃራኒው ረድፍ ግን ያገለግላል።

ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ ጎማ መሰል ነገሮች መጡ። ከእነዚህም ውስጥ በ1970ዎቹ ዓመታት የወጣው የሲሊኮን ዓይነት እስከ ዛሬ ድረስ ለክራውን ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ነው፤ ለብዙ ቀናት ቅርጹን ይጠብቃልና። ይሁን እንጂ እርጥበት አይወድም፤ ምራቅ ወይም ደም ባለበት ስፍራ አረፋ ይቋጥራል፤ መስመሩም ይጠፋል። ሐኪሙ የላቴክስ ጓንት አድርጎ ቢያቦካውም በጓንቱ ካለው ድኝ የተነሣ ሳይጠነክር ይቀራል። ፖሊኤተር የሚባለው ዓይነት ከእርጥበት ጋር ይስማማል፤ ግን ግትር ስለ ሆነ ከአፍ ለማውጣት ያስቸግራል።

በ1985 በዙሪክ ቨርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ የጥርስን ቅርጽ በብርሃን የሚወስድ መሣሪያ ለሥራ አበቁ። በዚህ መሣሪያ ሊጥም ጀሶም አያስፈልግም፤ ምስሉ በኮምፒዩተር ይላካል። ሆኖም ብርሃን ደምን አልፎ አያይም፤ በድድ ሥር የተደበቀውን ጠርዝም አይደርስበትም። መሣሪያው ብዙ ትንንሽ ምስሎችን እየቀጠለ ስለሚሠራ፥ ከአንድ ጥርስ አልፎ ረጅም ረድፍ ሲሆን ጥቃቅኑ ስሕተት እየተጠራቀመ ያድጋል። የስቴንት ቅልቅልም በረጅሙ ረድፍ ላይ ይብስበት እንደ ነበር አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። አንድ የጃናሞራ ገበሬ የገብስ ቆሎ ሲቆረጥም መንጋጋው ተሰበረ እንበል። ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ የብዋሂትን ከፍታ አልፎ፥ በጨነቅና በሳንቃበር በኩል ደባርቅ ይወርዳል። ደባርቅ ራሷ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፥ ብርድ የማያጣት ከተማ ናት። ከዚያ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ በ1947 ዓመተ ምሕረት የተከፈተባትና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ክራውን ግን በአንድ ቀን አይጨረስም። አንድ ጊዜ ጥርሱ ተሞርዶ ልኩ ይወሰዳል፤ ሌላ ጊዜ ተመልሶ ክራውኑ ይደፋል። ልኩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሦስተኛ መንገድ ይመጣል። ለከተማ ሰው ሦስተኛ ቀጠሮ የግማሽ ቀን ሥራ መፍታት ነው፤ ለጃናሞራው ገበሬ ግን የበግ ዋጋ፥ የመኝታ ኪራይ፥ ምናልባትም የእርሻው ወቅት ነው። አንዳንዱም ተሞርዶ ባነሰው ጥርሱ እንደ ታገሠ ይቀርና በመጨረሻ ያስነቅለዋል።

ልኩ በአንድ ከተማ ተወስዶ ክራውኑ በሌላ ከተማ የሚሠራ ሲሆንማ ጥንቃቄው ይበልጣል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር በመኪና የሚላክ የአልጂኔት ልክ በመንገድ ላይ እየደረቀ ይሄዳል፤ በደረሰ ጊዜ ያው ልክ አይደለም። ብርዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሞቀ ሰም ወይም በስቴንት ዓይነት ቅልቅል የተወሰደ ልክ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ሲቀመጥ ከአፍ ሙቀት የሚወርደው 12 ዲግሪ ነው፤ በ10 ዲግሪ የደባርቅ ጠዋት ግን 27 ዲግሪ ይወርዳል። ሙቀቱ የወረደውን ያህል ቅርጹም ይኮማተራል። በአውሮፓ መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር በሰሜን ተራራ እንዳለ አይሠራም ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከአቅም በላይ አይደለም። ልኩ በተወሰደበት ክፍል ጀሶው ወዲያው ይፍሰስና፥ መንገዱን የሚሄደው የጠነከረው የጀሶ አምሳል ይሁን። አምሳሉ በጥንቃቄ ከተጠቀለለ በመንገድ አይኮማተርም። ወይም ቀን የሚታገሠው ሲሊኮን ይመረጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የታመመው ድድ ታክሞ ደሙ ይቁም፤ ጠርዙም በቀጭን ክር ከድዱ ተገልጦ ይታይ፤ ዓይን ያላየውን ሊጡም ብርሃኑም አይይዘውምና። በመጨረሻም ሐኪሙ ልኩን ከአፍ እንዳወጣ በመብራት አጠገብ አገላብጦ ይመርምረው። አረፋ ወይም የተቆረጠ መስመር ቢያይ፥ በሽተኛው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ልኩን እንደ ገና ይውሰድ። ያን ጊዜ የሚጠፋው ሩብ ሰዓትና ጥቂት ሊጥ ነው። በሽተኛው ጃናሞራ ከተመለሰ በኋላ የሚታይ ስሕተት ግን ዋጋው የጥርሱ ሕይወት ነው።

በሽተኛውም ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ክራውኑ ሲደፋ ከጥርሱ ጋር የተገናኘበትን ስፍራ ክር አስገብቶ ማየት፥ ሲነክስ ቀድሞ የሚነካ እንደ ሆነ ሳያፍር መናገር መብቱ ነው። ከሩቅ መጥቻለሁና ይለፈኝ ብሎ የማይገጥም ክራውን ይዞ የሚሄድ ሰው፥ መንገዱን ያሳጠረ ይመስለዋል እንጂ አላሳጠረም።

ቻርልስ ስቴንት ጦር አልመራም፤ አገር አላቀናም። በሙቅ ውኃ የሚለሰልስ ቀይ ሊጥ ሠርቶ ሄደ፤ ሊጡም ፍጹም አልነበረም። ሆኖም ከእርሱ በፊት የነበሩት ጉድለቱን የጥርሱ ዕጣ አድርገው ሲቀበሉት፥ እርሱ ጉድለቱን የዕቃው ጉድለት አድርጎ ቆጠረው፤ ዕቃ ደግሞ ይታረማል። ከ1856 እስከ ዛሬ የመጡት አጋር፥ አልጂኔት፥ ሲሊኮንና ብርሃን ሁሉ የዚያ አሳብ ተከታዮች ናቸው። የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ወጣቶቻችን በደባርቅም ሆነ በዳባት ሥራ ሲጀምሩ፥ የመጽሐፉን ቁጥር ከሰሜን ብርድና ከሰሜን መንገድ ጋር አስተያይተው ቢሠሩበት፥ የሚጠቀመው የጃናሞራው ገበሬ ነው፤ አንድ ጊዜ ተመላልሶ፥ ጥርሱን ይዞ፥ ለእርሻው ይደርሳል።